መረጃውን ማን አየው?

በ2012 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ዓለም በኮሮና ጭንቅ በተያዘችበት ሰሞን፣ አንድ የሕክምና ጥናት ታተመ፤ በ13 ቀኑ ደግሞ ተሻረ። ስለ ምርምርና ኅትመት ሥነ ምግባር የሚጠይቀኝ ወዳጅ ሲገኝ ሁሌም ከዚህ ታሪክ ነው የምነሳው። በየመመሪያው ተበታትኖ የሚገኘው ጉዳይ እዚህ በአንድ ወር ውስጥ ተጠቅልሎ ይታያል፦ ያልተረጋገጠ መረጃ ታላላቅ ጆርናሎችን አልፎ እንዴት እንደሚገባ፣ ማን ማየት እንደነበረበት፣ ማን እንዳላየ፣ በስተመጨረሻም በምን እንደተያዘ። ደግሞ የእኛን አህጉር የሚመለከት አንድ ነገር አለበት። እሱ ጋ ስንደርስ ቆም እንላለን።

ከመድኃኒቱ እንጀምር። ክሎሮኪንን ወባ ባለበት አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ምሬቱ ከአፍ ቶሎ አይለቅም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው ደግሞ በአሠራሩ ከእሱ ጋር የሚቀራረብ፣ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ሉፐስ ለተባለው ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ኮቪድ በገባ ሰሞን ሁለቱም ቫይረሱን ይገቱ ይሆናል የሚል ተስፋ ተሰማ። ተስፋው ወዲያው ፖለቲካ ሆነ። ዶናልድ ትራምፕ፣ በጊዜው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ እኔ ራሴ እየወሰድኩት ነው ብለው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ደጋፊ መድኃኒቱን አመነ፣ ተቃዋሚ ጠላው። ሐኪሞች ግን የሚፈልጉት ቁጥር ነበር።

ቁጥሩ ግንቦት 14 ቀን መጣ። ላንሴት፣ እ.ኤ.አ. ከ1823 ጀምሮ የሚታተመው የእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል፣ በስድስት አህጉራት ከሚገኙ 671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ96,032 ሕሙማን መረጃ የያዘ ጥናት አወጣ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። መድኃኒቱን ካልወሰዱት ውስጥ በሆስፒታል የሞቱት 9.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከወሰዱት ግን 18 በመቶ ሞተዋል ይላል። ሌሎች ምክንያቶች ተቀናንሰው ከተሰሉ በኋላም ጥናቱ መድኃኒቱን ከሞትና ከልብ ምት መዛባት ጋር አያይዞታል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ማንዲፕ መህራ በጊዜው በቦስተን የታወቀ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ፣ በልብ ሕክምና ስም ያላቸው ሐኪም ናቸው።

ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 17፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም ቀርበው፣ ድርጅቱ በብዙ አገሮች ያካሂደው በነበረው ሶሊዳሪቲ በተባለው የመድኃኒት ሙከራ ውስጥ የሃይድሮክሲክሎሮኪኑ ክፍል ለጊዜው እንዲቆም መወሰኑን አስታወቁ። ፈረንሳይ በዚያው ሳምንት መድኃኒቱ ለኮቪድ እንዳይሰጥ ከለከለች። አንድ ጽሑፍ በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ርቀት ሄደ። ሰዎቹ ተቻኮሉ ብዬ አልፈርድም፤ መድኃኒቱ እየገደለ ነው የሚል ጥናት በታላቅ ጆርናል ላይ ወጥቶ ዝም ማለት አይቻልም። ለዚህም ነው ከኅትመት በፊት ያለው ጥንቃቄ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው።

ግን በስታቲስቲክስ የሠለጠኑ ሰዎች ጽሑፉን ወደ ሠንጠረዦቹ ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ንባብ እጅግ ደስ ይለኛል። ማጠቃለያውን ዘሎ ሠንጠረዥ ላይ መቀመጥ ማለት ነው።

መጀመሪያ የታያቸው መመሳሰሉ ነው። ከስድስት አህጉራት የመጡ ሕሙማን፣ ተጓዳኝ በሽታቸውም ሌላ ሌላው ነገራቸውም፣ ከአህጉር አህጉር ብዙም አይለያይም። እንዴት ይሆናል? ውፍረትና ስኳር በሰሜን አሜሪካና በአፍሪካ በአንድ ልክ አይገኙም። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ሕሙማን ከሰሜን አሜሪካ ናቸው እየተባለ፣ ተሰጠ የተባለው አማካይ የቀን መጠን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ካዘዘው በ100 ሚሊግራም ይበልጣል። ሦስተኛ፣ አውስትራሊያ። ጥናቱ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በአምስት የአውስትራሊያ ሆስፒታሎች 73 ሰዎች ሞቱ ይላል፤ በዚያን ጊዜ ግን በመላው አውስትራሊያ በኮቪድ መሞታቸው የተመዘገበ ሰዎች ቁጥር ከዚያ ያነሰ ነበር። ይህን ያወጣው ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ነው። ጸሐፊዎቹ ሲጠየቁ የተሰጠው መልስ፣ አንድ የእስያ ሆስፒታል በስህተት አውስትራሊያ ውስጥ ተመዝግቦ ነው የሚል ነበር።

አራተኛው አፍሪካ ነው። እዚህ ጋ ነው ቆም እንበል ያልኩት። ጥናቱ ከአፍሪካ ከ4,000 በላይ ሕሙማን አሉኝ ይላል። ተቺዎቹ ቁጥሩን በወቅቱ በአህጉሩ ከተመዘገበው ጋር ሲያስተያዩት፣ በአፍሪካ ኮቪድ ከተገኘባቸው ሰዎች ወደ ሩብ የሚጠጉት፣ ከሞቱት ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ፣ መረጃውን ባቀረበው ኩባንያ (ወደ እሱ እንመጣለን) መረብ ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች ታከሙ ማለት ሆነ። እነዚህ ሆስፒታሎች ደግሞ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ የልብ ምት መዛባት ሳይቀር በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይዘው፣ በየጊዜው ወደ አንድ ማዕከል የሚልኩ መሆን አለባቸው።

ለመመረቂያ ጥናቱ ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል መረጃ ሰብስቦ የሚያውቅ ሐኪም ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት። የካርድ ቁጥር ዝርዝር ይዞ ይገባል። ከመደርደሪያው የታጣ ካርድ አለ፤ አንድ ሰው ሁለት ካርድ አውጥቶ ሕመሙ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል፤ የላብራቶሪ ወረቀቱ ተገንጥሎ ወድቋል፤ የሐኪሙ ጽሑፍ አይነበብም፤ ዕድሜ በሚለው ቦታ ላይ ቁጥር የለም። ጥቂት መቶ የተሟላ ካርድ ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል። ያንን የሚያውቅ ሰው፣ በወረርሽኝ መካከል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ሕሙማን ዝርዝር መረጃ አንድም ነገር ሳይጎድልበት በአንድ ኮምፒውተር ተከማችቷል ሲባል ዝም ብሎ አያልፍም። በጥናቱ ጸሐፊዎችና ገምጋሚዎች መካከል የአፍሪካን ካርድ ክፍል የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ጥያቄው ከኅትመት በፊት ይነሳ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከአንድ ቦታ መጣ የተባለን መረጃ ከዚያው ቦታ የመጣ ሰው ሲያየው ሌላ ነው።

ግንቦት 20 ቀን ከመቶ በላይ ተመራማሪዎች የፈረሙበት ግልጽ ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤው የዘረዘራቸው ነጥቦች ብዙ ናቸው፤ መረጃው አልተለቀቀም፣ ሆስፒታሎቹ በስም አልተጠቀሱም፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አልገመገመውም። ይህ የመጨረሻው ብዙዎቻችሁን ያስገርማል፤ እዚህ አገር አንድ ተማሪ ኢቲካል ክሊራንስ፣ ማለትም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ሳያገኝ ካርድ ክፍል አይገባም። ጸሐፊዎቹ ግን የሕሙማኑ ማንነት ስለተደበቀ ግምገማ አያስፈልገውም ብለው ነበር።

ታዲያ መረጃው ከየት መጣ? ሰርጂስፊር ከሚባል፣ ቺካጎ አካባቢ ይገኝ ከነበረ አነስተኛ ኩባንያ። ባለቤቱ ሳፓን ዴሳይ ከአራቱ የጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው። ዘ ጋርዲያን ኩባንያውን ሲመረምር ያገኘው ጥቂት ሠራተኞችን ነው፤ አንዷ የሳይንስ ልብወለድ ጸሐፊ ይመስላሉ ይላል። ያኔ ትልቁ ጥያቄ ተነሳ፦ ከዴሳይ ውጭ መረጃውን በዓይኑ ያየ ሰው አለ?

የለም። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው። ሌሎቹ ሦስት ጸሐፊዎች ያዩት ውጤቱን እንጂ ውጤቱ የተሠራበትን መዝገብ አልነበረም። የጆርናሉ አዘጋጆች አላዩም። ገምጋሚዎችም አላዩም።

የመጨረሻው ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ስለሆነ ላብራራው። አንድ ጥናት ወደ ጆርናል ሲላክ አዘጋጁ በመስኩ ለሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይልከዋል። ይህ የአቻ ግምገማ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም። ገምጋሚዋ ከሥራዋ በኋላ፣ ማታ፣ ጽሑፉን ታነባለች። ጥያቄው ትርጉም አለው? ዘዴው ለጥያቄው ይመጥናል? መደምደሚያው ከውጤቱ ይከተላል? እነዚህን ትመዝናለች። ከፊቷ ያለው ግን የተጻፈው ጽሑፍና ሠንጠረዡ ነው። ጸሐፊው 500 ሰው መረመርኩ ካለ፣ 500 መሆናቸውን የምትቆጥርበት መንገድ በአብዛኛው የላትም። የአቻ ግምገማ የተሠራው ለቅን ሰው ስህተት ነው፤ ያልነበረን ነገር ነበር ለሚል ሰው አልተሠራም። «በገምጋሚ ያለፈ ጥናት ነው» የሚለውን ቃል ስንሰማ ይህን ማወቅ አለብን። ግምገማው ብዙ ይጠቅማል፣ ብዙ ድክመትም ያርማል፤ የመረጃውን መኖር ግን አያረጋግጥም።

ስለዚህ ሸክሙ የሚወድቀው ስማቸው ከላይ በተጻፈ ሰዎች ላይ ነው። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለጸሐፊነት አራት ነገሮችን ባንድነት ይጠይቃል፦ ለሥራው ቁም ነገር ያለው አስተዋጽኦ፣ በመጻፍ ወይም በጥልቀት በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ማጽደቅ፣ በሥራው ላይ ለሚነሳ ማናቸውም ጥያቄ ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። አራተኛውን ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። እኛ አገር ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ፊርማህን ከማኖርህ በፊት ሰውየውን ታጣራለህ፣ ቢጠፋ የሚያዘው የአንተ ንብረት ነው። በጥናት ላይ ስም ማኖርም እንዲሁ ነው፤ ጥናቱ ቢወድቅ ዋሱ ይጠየቃል።

ይህ በቦስተን የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ምንም ያልሠራ አለቃ፣ ለውለታ የሚጨመር ጓደኛ፣ «እኔን በአንተ ላይ አስገባኝ፣ እኔም በእኔ ላይ አስገባሃለሁ» የሚባል ስምምነት በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች አለ። የስጦታ ጸሐፊነት ይሉታል። ሲሰጥ ደግነት ይመስላል፤ በተግባር ግን ምንም ያላየ ሰው አየሁ ብሎ እንዲመሰክር ማድረግ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ መረጃውን ከካርድ ክፍል የለቀመው፣ ሌሊቱን ሲተነትን ያደረው ወጣት ስሙ ይቀርና ምስጋና ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ለአንባቢ የሚነግሩት ውሸት ነው፤ ማን እንዳየ ይደብቃሉ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጩኸቱ ሲበረታ ሦስቱ ጸሐፊዎች ነጻ ኦዲተር መረጃውን እንዲያይ ጠየቁ። ኩባንያው ከሆስፒታሎቹ ጋር ያለኝ ውልና የምሥጢር ግዴታ አይፈቅድም ብሎ ሙሉውን መዝገብ ለማስረከብ እምቢ አለ። ግንቦት 27 ቀን ሦስቱ ጸሐፊዎች ስለ መረጃው እውነተኛነት ዋስ መሆን አንችልም ብለው ጥናቱ እንዲሻር ጠየቁ፤ ላንሴት ሻረው። በዚያው ቀን፣ በዚሁ ኩባንያ መረጃ ላይ የተመሠረተና ከሳምንታት በፊት የታተመ ሌላ ጥናት ከኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ተሻረ። ሁለት ታላላቅ ጆርናሎች በአንድ ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቀን በፊት በሶሊዳሪቲ ሙከራ የሞቱትን ሰዎች መረጃ አይቶ የቆመው ክፍል እንዲቀጥል ወስኖ ነበር።

መሻር ምን ማለት እንደሆነ በደንብ እንየው፤ ሪትራክሽን የሚሉት ነው። የተሻረ ጥናት አይጠፋም። ድረ ገጹ ላይ ይኖራል፤ በየገጹ ላይ የተሻረ መሆኑ በጉልህ ይታተምበታል፣ ማን እንደሻረው፣ ለምን እንደተሻረ የሚያስረዳ ማስታወቂያ ይያያዝበታል። ለምን አይሰርዙትም ትሉ ይሆናል። ብዙዎች ጠቅሰውታልና፣ መንግሥታትም በእሱ ላይ ተመሥርተው ወስነዋልና፣ ምን ተብሎ እንደነበር መዝገቡ መኖር አለበት። ከመሻር በታች እርማት አለ፣ ጥርጣሬ እያለ ምርመራው ሳያልቅ የሚወጣ የስጋት ማስታወቂያም አለ። መቼ የትኛው እንደሚገባ እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቂት የብሪታንያ ጆርናል አዘጋጆች የተመሠረተውና ኮፕ ተብሎ የሚጠራው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ለአዘጋጆች ደረጃ በደረጃ መመሪያ አውጥቷል።

መሻርን ሁሉ እንደ ውርደት ማየት ግን ትልቅ ስህተት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ፍራንሲስ አርኖልድ፣ ከሽልማቱ በኋላ ካሳተሟቸው ሥራዎች አንዱን በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ራሳቸው ሻሩት። ሙከራው ሲደገም አልሠራም፤ የላብራቶሪው ማስታወሻ ሲገለጥ የዋና ዋና ሙከራዎቹ ጥሬ መረጃ ጎድሎ ተገኘ። ጉዳዩን እሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ጽፈው አሳወቁ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ከኖቤል ሜዳሊያው ይልቅ ለዚያ አጭር ጽሑፍ የበለጠ አከብራቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ሌላው ወጣት ተመራማሪ ስህተቱን ለመናገር ድፍረት ያገኛል።

በተቃራኒው መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳየው ያው ላንሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ12 ልጆች ላይ ባሳተመው ጥናት የኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያገናኝ ጥርጣሬ ዘራ። ብራያን ዲር የተባለ ጋዜጠኛ ዓመታት ፈጅቶ አጣራው። ዌክፊልድ የክትባቱን ሠሪዎች ሊከሱ ከተዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ ይከፈለው ነበር፤ ድምሩ ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ ደረሰ፣ ለጆርናሉም አልተናገረም። የጥቅም ግጭት የሚባለው ይህ ነው። የልጆቹ የሕክምና መዝገብና በጥናቱ የተጻፈውም አልገጠመም። ላንሴት ጥናቱን የሻረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ዌክፊልድም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። 12 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ። ፍርሃቱ ዛሬም አልበረደም።

አንዱ 12 ዓመት፣ አንዱ 13 ቀን። ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? የወረርሽኙ ትኩረት አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን፣ በ2012 ዓ.ም. በሆነው ጉዳይ ሰዎቹ ጥያቄያቸውን በስማቸው ፈርመው፣ ነጥብ በነጥብ፣ በአደባባይ አቀረቡ፤ ጥያቄውም ቀላልና አንድ ነበር፦ መረጃውን አሳዩን።

አሁን ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ ሁሌም የሚነሳ አንድ ሙግት አለ፤ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ጥናቱ በተሻረ ማግስት፣ ግንቦት 28 ቀን፣ ሪከቨሪ የተባለው የብሪታንያ ታላቅ ሙከራ ውጤቱን አስታወቀ። እዚያ ሕሙማን የተመደቡት በዕጣ ነበር፤ 1,542 ያህሉ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወሰዱ፣ 3,132ቱ መደበኛውን ሕክምና ብቻ አገኙ። መድኃኒቱ ሞትን አልቀነሰም። እንግዲህ፣ ይላሉ ሰዎች፣ የተሻረውም ጥናት አይጠቅምም ነው ያለው፤ መልሱ ትክክል ነበርና ምን ጉዳት ደረሰ?

ጉዳቱ ብዙ ነው። መጀመሪያ፣ መልሱ አንድ አይደለም። «አይጠቅምም» እና «ይገድላል» ሩቅ ለሩቅ ናቸው፤ የተሻረው ጥናት ያለው ሁለተኛውን ነው። ደግሞ እውነተኛው መልስ እንዲገኝ በየሆስፒታሉ እሺ ብለው የገቡ ሕሙማን ነበሩ፤ ያ ጥናት በወጣ ጊዜ ሙከራዎች ቆሙ፣ ሰዎች ፈሩ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ለተጠራጣሪው የተሰጠው ስንቅ ነው። መድኃኒቱን በፖለቲካ ምክንያት የሚደግፉ ሰዎች «አያችሁ፣ ሊያጠፉት ሲሉ ውሸት ፈበረኩ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሪከቨሪን እውነት ሊሰሙ አልቻሉም። በሐሰት ማስረጃ የተገኘ ትክክለኛ ፍርድ እውነቱን ራሱን ያቆሽሸዋል።

ታዲያ ስንቱ እንዲህ ያለ ጥናት ሳይታይ አልፎ ይሆን? እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ። ኤሊዛቤት ቢክ ኔዘርላንዳዊት የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ናቸው፤ ስጦታቸው ዓይናቸው ነው። በጥናቶች ውስጥ ያሉ ፎቶዎችን እየተመለከቱ፣ አንዱ ምስል ተገልብጦ ወይም ተቆርጦ በሌላ ስም ሲደገም ይለያሉ። ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ በ40 ጆርናሎች የታተሙ 20,621 ጥናቶችን አዩ፤ 3.8 በመቶዎቹ ችግር ያለበት ምስል ነበራቸው። ከመቶ ወደ አራት።

ሁለተኛው ጆን ካርላይል ናቸው፣ እንግሊዝ ውስጥ የሚሠሩ የማደንዘዣ ሐኪም። ወደ አኔስቴዥያ ጆርናል የተላኩ 526 ሙከራዎችን ፈተሹ። ለ373ቱ ያላቸው የተጻፈው ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ከእነዚህ የሐሰት መረጃ ያዩባቸው 6 ናቸው፣ 2 በመቶ። ለ153ቱ ግን የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ጥሬ መረጃ፣ መስመር በመስመር፣ አገኙ፤ ከእነዚህ 67ቱ፣ ማለትም 44 በመቶው፣ የሐሰት መረጃ ነበረባቸው። መረጃው በመጀመሪያ የተጠየቀው ጥርጣሬ ሲነሳ ስለነበር፣ ይህን 44 በመቶ ለሳይንስ ሁሉ መዘርጋት አይገባም። ቢሆንም ልዩነቱን ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ጽሑፉ ሲነበብ ሁሉም ያምራል። መስመሮቹ ሲገለጡ አንድ ረድፍ ተቀድቶ ከታች ተለጥፎ ይገኛል፤ የአንዱ ሕመምተኛ ቁጥሮች ከሃያ ሰው በኋላ ይደገማሉ።

ወደ እኛ አገር ሲመጣ ጉዳዩ ሌላ መልክም ይይዛል። ለመምህር እድገት የኅትመት ቁጥር ይጠየቃል፤ ለምርምር የሚያስፈልገው ጊዜና ገንዘብ ግን የለም። በዚህ መካከል ኢሜይል ይመጣል፦ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ሥራዎን በአምስት ቀን እናትማለን»። ፕሬዳተሪ ጆርናል የሚባሉት ናቸው፤ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ ያትማሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ በስህተት የተሞላ የፈጠራ ጥናት ለ304 ጆርናሎች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት። በእነዚህ ጆርናሎች የሚያሳትመውን መምህር ሁሉ እንደ አጭበርባሪ ማየት አልወድም። ብዙዎቹ የተታለሉ ናቸው፤ ሐቀኛ መረጃቸው፣ ያ ሁሉ የካርድ ክፍል ድካም፣ ማንም የማያምነው ቦታ ላይ ተቀብሮ ይቀራል። የሚወቀሰው ኅትመትን በቁጥር እየቆጠረ ውስጡን የማይከፍት የእድገት መስፈርት ነው ባይ ነኝ። አምስት ጽሑፍ ከሚጠየቅ አንድ ጽሑፍ ከነጥሬ መረጃው ይጠየቅ።

ከተሻረ በኋላስ? የላንሴቱ ጥናት መሻሩን ዓለም ሁሉ ሰምቷል፤ ጋዜጣ ሁሉ ጽፎታል። ሆኖም ሳይንስ መጽሔት ወራት ቆይቶ ሁለቱን የሰርጂስፊር ጥናቶች የጠቀሱ 200 ጽሑፎችን ሲመለከት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሻራቸውን ሳይናገሩ እንደ ደህና ማስረጃ ጠቅሰዋቸዋል። ሰው ከሰው ዋቢ ይገለብጣል፤ ዋናውን ከፍቶ አያይም። እዚህም ያው ጥያቄ ነው፣ አየኸው ወይ።

ላንሴት በበኩሉ በ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ደንቡን ለወጠ። አሁን ከአንድ በላይ ጸሐፊ መረጃውን በቀጥታ አግኝቶ ማረጋገጡን በስሙ መፈረም አለበት። ለእኔ ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን አሁንም ከጸሐፊዎቹ ወገን ውጭ ያለ ዓይን አልገባበትም። ሁለት የተስማሙ ሰዎች ሁለት ጊዜ መፈረም አይከብዳቸውም። እንደ አኔስቴዥያ ጆርናል ጥሬ መረጃውን ጠይቆ የሚገልጥ ባለሙያ ያላቸው ጆርናሎች እስኪበዙ ድረስ ክፍተቱ አለ። ገንዘብ ይጠይቃል ይላሉ። ይጠይቅ! ትልልቆቹ አሳታሚዎች ከተመራማሪው ነጻ ጽሑፍ፣ ከገምጋሚው ነጻ ጉልበት እየወሰዱ ነው የሚያተርፉት።

እስከዚያው እናንተ የምትችሉት አለ፤ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በቴሌግራም «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ነገር ሲደርሳችሁ የጥናቱን ርዕስ ፈልጋችሁ የጆርናሉን ገጽ ክፈቱ፤ መሻሩ ከላይ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ጋዜጠኞች በጀመሩት፣ ሪትራክሽን ዋች በሚባለው ድረ ገጽ ስም የሚጠራው መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የተሻሩ ጥናቶች ይዟል፣ የጸሐፊ ስም አስገብታችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። ከዚያ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ ውረዱ። ከዋቢዎቹ በፊት፣ በትንንሽ ፊደል፣ ማን ምን እንደሠራ የሚናገር አንቀጽ በብዙ ጆርናሎች አለ፤ መረጃውን ማን እንዳገኘና እንዳረጋገጠ፣ ሌላ ሰው ሊያየው ቢፈልግ ከየት እንደሚያገኘው ይናገራል። ብዙ ጊዜ «ሲጠየቅ ይሰጣል» ይላል። እንግዲያው ጠይቁ፤ የጸሐፊው ኢሜይል አድራሻ እዚያው ገጽ ላይ አለ።